ወላይታና ከብቷ፦ ከሺህ መንጋ እስከ አንዲት ላም



ሰሞኑን ኑሮውን ቴክሳስ ያደረገ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «መምህር፣ እኔ ያለሁበት ገጠር ሰዉ ሁሉ ራንች አለው። ስለ አካባቢያቸው ታሪክ ሲያወሩ ከከብት ጀምረው በከብት ነው የሚጨርሱት። የእኛን አገር ግን የከብት አገር ብሎ የጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ቦረና ይባላል፣ አፋር ይባላል፣ ወላይታ አይባልም። ለምን?» ይላል። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነገሩ ረዘመብኝ፤ እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ አመጣሁት። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መልሴ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ወላይታ የከብት አገር ናት። ከብቷን ግን ሜዳ ላይ አትፈልጉ፤ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። ብዙዎቹ ቤቶች አንድ ላም ወይም አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ እሱም የራሳቸው ላይሆን ይችላል። አገሩ ከሺህ መንጋ ተነስቶ እዚህ እንዴት ደረሰ የሚለው ነው ታሪኩ።

መጀመሪያ መልክዓ ምድሩን እናስቀምጥ። ሶዶ ገበያ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ ዳሞታ ነው፤ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ። ከእሱ ግርጌ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትወርዱ ሁምቦን አልፋችሁ አባያ ሐይቅ ዳር ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ ቢላቴ ወንዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወርዶ አባያ ይገባል። በምዕራብ ኦሞ ከዳውሮ ይለየናል። በሰሜን ሐዲያና ከምባታ፣ በደቡብ ጋሞ። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ደጋም ወይናደጋም ቆላም አለ ማለት ነው። ሰዉ የተጨናነቀው መሐሉ ላይ ነው፤ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ቦሎሶ፣ የሶዶ ዙሪያ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,501,112 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ። ያ ቁጥር ግን ሰው የሳሳበትን ቆላ ጨምሮ የወጣ አማካይ ስለሆነ፣ ደጋውና ወይናደጋው ላይ ጥግግቱ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። ቴክሳስ ያለው ልጄ ይህን ቁጥር ለጎረቤቶቹ ቢነግራቸው «ታዲያ ከብቱ የት ይቆማል?» ማለታቸው አይቀርም።

ካሬያ ላይ ይቆማል። ወላይታ ቤት ሄዳችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት የተስተካከለ የሣር ደጅ አለ። ካሬያ የሚባለው እሱ ነው። እንግዳ ይቀበሉበታል፣ ሠርግም ለቅሶም ይውልበታል፣ ላሟም ትታሰርበታለች። ከቤቱ ጀርባና ጎን ያለው ደግሞ ዳርኳ ይባላል፦ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ፣ ቦይናው ያለበት ለም የጓሮ መሬት። ከዚያ ወዲያ ያለው የእህል ማሳ ሾቃ ነው። አሁን ልብ በሉልኝ። በዳርኳና በሾቃ መካከል ያለው ልዩነት የአፈሩ ዘር አይደለም። ስንት ትውልድ ፍግ ሲለብስ ኖሯል የሚለው ነው። ሴቶቹ በየማለዳው የበረቱን ፍግ አውጥተው እንሰቱ ሥር ያደርጉታል። ከዓመት ዓመት፣ ከእናት ወደ ምራት ሲተላለፍ የኖረ ሥራ ነው። ቀዩ አፈር ጥቁር የሚሆነው እንዲህ ነው። ላም ያላት ቤት ዳርኳዋ በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ ሾቃው ይገፋል፤ ላም የሌላት ቤት ሾቃው ወደ ዳርኳው ይመጣባታል።

እንሰት (በወላይትኛ ኡታ) ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እንደ ከፍታው አራትም ስድስትም ሰባትም ዓመት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ፍግ ይለምናል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ውለታውን ይመልሳል፤ ለሰው ቆጮና ቡላ፣ ለከብት ቅጠሉና ግንዱ። እንግዲህ ሰው እንሰትን ያበላል፣ እንሰት ሰውንም ላምንም ያበላል፣ ላም እንሰትን ታበላለች። የግብርና ቢሮ ሪፖርት ላይ ላም «ወተት ይህን ያህል ሊትር» ተብላ ስትመዘገብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። የእኛ ላም ወተቷ ትንሽ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ዋናው ሥራዋ ግን በሊትር አይለካም።

ጥንት ከብት በብዛት ይቆጠር እንደነበር ባህሉ ራሱ ይመሰክራል። መቶ ከብት የሞላለት ሰው ዳላ የሚባል ድግስ ይደግስ ነበር። ሺህ ለሞላለት ደግሞ ሊቃ አለ፤ ሀብቱን ሕዝብ ፊት አቁሞ ያስቆጥራል፣ ማዕረጉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነው። አንዳንዶቻችሁ የሊቃን ስም ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ሺህ ከብት ያለው ሰው ሁሉንም ደጁ ላይ እንደማያስር ግልጽ ነው። ወደ ቆላው፣ ወደ ግጦሹ፣ ወደ ዘመድና ወደ ድሃ ቤት ይበትነዋል። የኋላ ኋላ ሕዝቡን ያኖረው ይህ መበተን ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ጊዜ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቡት ከብት የደስታ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። (ስሙ እንዴት «ደስታ» እንደተባለ አትጠይቁኝ፤ እንደዚያ በሽታ ያለቀሰልን የለም። ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።) በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሰሜኑና የመሐሉ አገር ከብት አብዛኛው አለቀ፤ በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ታሪክ «ክፉ ቀን» የሚለው እሱን ነው።

ከክፉው ቀን ብዙም ሳይርቅ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወላይታ ላይ ዘመቱ። ከዚያ በፊት የተላኩ ዘመቻዎች አገሩን አልያዙም ነበር። የጅማው አባ ጅፋርም አብረው ዘምተዋል። ካዎ ጦና ጋጋ አጥብቀው ተዋጉ፤ በመጨረሻ ቆስለው ተማረኩና ወደ ሸዋ ተወሰዱ። የወላይታ ነገሥታት ዘመን በዚያ አበቃ። ያንን ዘመቻ አብሮ ሄዶ የጻፈ አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ ቫንደርሄም ይባላል፣ የንግድ ኩባንያ ወኪል ነበር። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ፓሪስ ታተመ። እሱ እንደመዘገበው የንጉሡ ድርሻ ብቻ 18,000 ከብትና 1,800 ምርኮኛ ባሪያ ነበር።

ኮሜንት ላይ ጦርነት እንዳትከፍቱብኝ እንጂ እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ስለ ዘመቻው ስንከራከር የምንከራከረው በሞተው ሰው ብዛት ነው። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ግን ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ከብቱን ግን እንደ ምርኮ ዝርዝር አንብበን እናልፈዋለን። እስቲ አንድ ቤት ሦስት ከብት ነበረው እንበል። 18,000 ከብት ማለት የ6,000 ቤት በረት ማለት ነው፤ ይህም የንጉሡ ድርሻ ብቻ፣ የመኳንንቱና የወታደሩ ሳይታከል። በረቱ ባዶ ከሆነ ዳርኳው ፍግ አያገኝም፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት የተተከለው እንሰት ይቀጭጫል። ዘመቻው በሳምንታት አለቀ፤ አፈሩ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ያለቀው መቼ እንደሆነ የጻፈ ሰው አላየሁም። ደግሞም ሌላው አገር በደስታ በሽታ ባዶውን በቀረበት ሰዓት ከወላይታ ይህን ያህል ከብት መነዳቱ በራሱ ይናገራል፦ ይህ አገር በዚያን ጊዜ በረቱ ገና ሙሉ ነበር፤ ዓይን የገባውም አንድም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የገባርነት ዘመን መጣ። በክፍል ውስጥ የተማራችሁት ስለሆነ አልደግመውም፤ ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ የጌታውን ቤት አገልግሎ፣ ማርና ከብት ገብሮ የተረፈውን ይዞ ኖረ።

የወላይታ አውራጃ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሳለ፣ የደጋው መጨናነቅ ያኔም የሚታይ ነገር ነበር። በ1962 ዓ.ም. ዋዱ የተባለው የልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ጭላሎ ላይ ስዊድኖች ካዱን እንደረዱት፣ ዋዱን የዓለም ባንክ ነበር በብድር የደገፈው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ወላሞ» ከሚለው የዚያን ዘመን መጠሪያ የመጣ ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው ልትጠሩበት አይገባም። ዋዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጠ፣ መንገድ ጠረገ፣ እርከን ሠራ፣ የተዳቀሉ ጊደሮች አከፋፈለ። ሶዶ ያለው የከብት ማራቢያም ከዚያ ዘመን የቀረ ውርስ ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆይቶ ተዘጋ። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሲቆጥሩ «በዋዱ ጊዜ» ይላሉ፤ እንደ ንጉሥ ዘመን።

ዋዱ ካደረጋቸው ነገሮች ለእኛ ርዕስ ዋናው ሠፈራው ነው። ከደጋው መሬት ያነሰውን ገበሬ ወስዶ ቆላው ላይ፣ በአበላና በበሌ፣ አሠፈረ። በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ላይ ሰው በዝቷል፣ ታች መሬት ተርፏል፣ ውረድ። ግን ቆላው ባዶ የሆነው ሰው ስላልነበረ አይደለም፤ ወባ ስላለና የቆላ ዝንብ ስላለ ነው። ደጋ የለመደ በሬ ወደ ኦሞ ወይም ወደ አባያ ዳር ሲወርድ ገንዲ ይይዘዋል፤ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ሞፈር መጎተት ያቅተዋል፣ በመጨረሻ ይሞታል። በሬው የሞተበት ሠፋሪ መሬት ቢኖረውም ያው መሬት የለሽ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንቡን ለማጥፋት ትልቅ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ቃሊቲ ላይ ወንድ ዝንቦችን እያራቡና በጨረር እያመከኑ በአውሮፕላን መልቀቅ ድረስ ተሄደ። ዝንብ አራብቶ ዝንብ ማጥፋት! ለገበሬዎች ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ሳይንሱ ግን እውነት ነው።

መሬት ላራሹ በ1967 ታወጀ፤ ገባርነት ተቀበረ። ያንን ቀን ያዩ ሰዎች ደስታቸውን ዛሬም አይረሱም። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተከፈለ ሄደ። ሲያልቅ ዓይን የወደቀው የጋራ ግጦሹ ላይ ነው፤ ለወጣት ተሰጠ፣ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፣ ትምህርት ቤት ተሠራበት። ዱቡሻ፣ ሸንጎ የሚቀመጥበት ያ የቀበሌው ሜዳ፣ ከብት የሚሰማራበትም ነበር፤ ብዙ ቦታ ዛሬ ስሙ ነው የቀረው። ላሟ ከሜዳ ወደ ካሬያ ገባች፤ ካሬያው ሲጠብ ወደ ገመድ። በገመድ ያለች ላም ደግሞ መኖ ሰው ነው የሚሸከምላት፦ የእንሰት ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ከእርከን ላይ የታጨደ ደሾ ሣር።

ያኔ ነው «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው ቃል የመጣብን። በ1977፣ በ1992፣ በ1995 ዓ.ም. ወላይታን ያየ እንግዳ ግራ ገብቶት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ለምለም፣ ሕፃኑ ግን የተጎዳ። የዝናቡ ነገር አለ፣ የስኳር ድንቹ መክሸፍ አለ፣ የማዳበሪያ ዋጋ አለ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ላም የለቀቀችው ቤት ቀስ ብሎ እንሰቱን ያጣል፣ እንሰቱን ያጣ ቤት ደግሞ በበቆሎና በስኳር ድንች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እነዚህ ደግሞ ዝናብ አንድ ወር ሲዘገይ አይምሩም። ከሩቅ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ተጠግቶ ሾቃው ዳርኳውን የበላበትን ቤት የቆጠረ ሰው ግን ረሃቡ የት እንደሚገባ ቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር።

ታዲያ አገሩ እንዴት ቆመ? እዚህ ጋ ነው የጥንቱ መበተን ተመልሶ የሚመጣው። ሃራ ታውቃላችሁ? ላም ያለው ሰው መኖ ወይም ጉልበት ሲያጥረው ላም ለሌለው ሰው ይሰጠዋል። የሚጠብቀው ሰው ወተቱንና ፍጉን ያገኛል፤ ጥጃው እንደ ስምምነታቸው ይካፈላል። ኮታ ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ከብት ሲገዙ ነው፤ ወጪም ጥቅምም በድርሻ። ትርፍ የጋራ የሚባለውም አለ፤ አንዱ በሬ ይገዛል፣ ሌላው አብልቶ ያደልባል፣ ሲሸጥ ከመግዣው በላይ ያለውን ይካፈላሉ። ማኅተም የለ፣ ውልና ማስረጃ የለ። ምስክሩ ጎረቤት ነው። ተመራማሪዎች በቦሎሶ መንደሮች ቆይተው ይህን አጥንተው ጽፈውታል፤ ጥሩ አድርገዋል። የልማት ሠራተኛው ግን ቤት ለቤት ሲመዘግብ «ከብት አለህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። በሃራ የያዘ ሰው «የለኝም» ይላል፤ በሃራ የሰጠ ደግሞ ግብር ፈርቶ «የለኝም» ይላል። ላሟ ካሬያው ላይ ቆማ ታመሰኳለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለችም።

በሬውስ? የወላይታ ሥጋ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የደረሰው በራንች ሳይሆን በእጅ ማጉረስ ነው። ገበሬው በሬውን ያርስበታል፣ ከዚያ ያስረውና በእጁ እያጎረሰ ያደልባል፤ ቅጠል፣ ድንች፣ አገዳ፣ ያለውን ሁሉ። ዒላማው መስከረም ነው። ጊፋታ ሲደርስ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬ ተቃርጠው ያርዳሉ፤ ሴቶቹም በበኩላቸው ለቅቤው ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ጥሬ ሥጋ በዳጣ የበላችሁ አታስረሱኝ፤ እዚህ ላይ ገለልተኛ መሆን አልችልም። ለአንድ ቤት የደለበ በሬ ማለት የልጅ ትምህርት፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሕክምና ወጪ ነው። በሬ የሌለው ቤት ልጁን ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ ሊስትሮውን ይዞ ወይም ሎተሪ እያዞረ የምታዩት ልጅ ከምን ቤት እንደወጣ ጠይቁት።

የአስተዳደሩን ነገር በፍጥነት ልለፈው፤ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበርን፤ በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው የተቀላቀለ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ምክንያት ሕዝቡ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በእኛ ዞን ተደገመም፤ በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ሶዶም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። በምዕራብ ጫፋችን ኦሞ ላይ ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ተመርቋል።

ይልቅ ሁምቦን ልንገራችሁ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ በስተግራ የሚታዩት ተራሮች በከብትና በከሰል ተራቁተው ድንጋያቸው ፈጥጦ ነበር። በ1998/99 ዓ.ም. 2,728 ሄክታር ተከለለ። ብዙ ችግኝ አልተተከለም፤ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ፣ ሰውና ከብት እንዳይገባበት ነው የተደረገው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ባለቤት ሆኑ፣ ወርልድ ቪዥን ደገፈ፣ የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ገዢ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ሲመዘገብ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ነበር። መጀመሪያ ሰዉ «ግጦሻችንን ወሰዳችሁ» ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ አልፈርድበትም። አሁን ሣሩን አጭደው ተሸክመው ያወጣሉ፣ ከብቱ እቤት ይበላል። ተራራው አገገመ፣ ምንጩም ተመለሰ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ሣር ለመሸከም ጉልበት ያስፈልጋል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ከተማ የሄዱባት እናት ያንን ሸክም ማን ይሸከምላታል? የማጨድ መብት አላት፤ ሣሩ ግን በራሱ አይመጣላትም። ሰምቼ እንደማውቀው እንዲህ ያሉት እናቶች ላማቸውን በሃራ ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ወተቱንም ፍጉንም ያጣሉ። መብታቸውን በገንዘብ የሚያስቀይር አሠራር በአንዳንድ ማኅበር እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሌላም የምጠይቃችሁ አለኝ። በእናንተ ቀበሌ የሃራ ጥጃ እንዴት ነው የሚካፈለው? የመጀመሪያው ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለጠባቂው ነው ወይስ ተሸጦ እኩል? ላሟ በጠባቂው እጅ ስትሞትስ ቆዳውና ሥጋው የማን ነው? ቦሎሶ፣ ዳሞት፣ ኪንዶ፣ ኦፋ ያላችሁ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ከነቀበሌያችሁ ስም ጻፉልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው።